ሽንቴ ቀይ ሆኖ ራሱ ጠራ፤ ልተወው ወይ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። የምኖረው አዳማ ነው። ከጅቡቲ ጭነት የሚያመጣ ተሳቢ መኪና እነዳለሁ። የዛሬ ወር ገደማ ሎጊያ አድሬ ጠዋት ስነሳ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ወጣ። ምንም አላመመኝም፣ አላቃጠለኝም። ሁለት ቀን እንደዚያው ሆነና በሦስተኛው ቀን ራሱ ጠራ። አዳማ ስገባ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ጨረስኩ። ኋላ ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር «ሽንትህ ውስጥ ጥቂት ደም ይታያል፣ አልትራሳውንዱ ግን ደህና ነው» ተባልኩ። ሲጋራ 25 ዓመት አጭሼ ከ4 ዓመት በፊት ትቻለሁ። መንገድ ላይ ጫት እቅማለሁ። ጓደኞቼ «የሙቀቱና የውሃ ጥሙ ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ግን ካንሰር እንዳይሆን ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አሁን ሽንቴ ንጹህ ነው። ሐሙስ ለጭነት እወጣለሁ። ምርመራ የግድ ነው ወይስ ውሃ እየጠጣሁ ልተወው?

ምላሽ፦ ጋሼ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎት። አዎ፣ ምርመራው የግድ ነው። እስካሁን ያደረጉት ጥሩ ጅምር ነው። ግን ዋናው ቦታ ገና አልታየም። እሱም የሽንት ፊኛዎ የውስጥ ግድግዳ ነው። በቀጭን ካሜራ መታየት አለበት። ምርመራው ሲስቶስኮፒ ይባላል። የሚሠራው የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም፣ ማለትም ዩሮሎጂስት ነው።

ይህን ስል ካንሰር አለብዎት ማለቴ አይደለም። በዓይን የሚታይ ደም ሸንተው ከሚመረመሩት ውስጥ አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። በውጭ አገር በተሠሩ ጥናቶች የሚገኘው ከ10 ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ትንሽ ይረጋጉ። እርስዎ ግን አይዘናጉ። ከ10 አንድ ወይም ሁለት ማለት ዓይን ጨፍኖ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

ከጻፉልኝ ሁሉ እኔን ያሳሰቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው «ምንም አላመመኝም» ያሉት፣ ሁለተኛው «ራሱ ጠራ» ያሉት። እርስዎ የጻፏቸው እንደ መልካም ዜና ነው። እኔ ደግሞ ያነበብኳቸው በተቃራኒው ነው።

ስለ ሕመሙ እንነጋገር። ጠጠር ሲሆን ሰው ይጮኻል። ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ተቀምጠውም ቆመውም የማያስችል ሕመም ነው። ኢንፌክሽን ሲሆን ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናል፣ ሽታ ያመጣል፣ አንዳንዴም ያተኩሳል። እነዚህ ሁለቱ ስማቸውን እየጠሩ ነው የሚመጡት። የፊኛ ዕጢ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ሕመም የለውም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምልክት ያው ደሙ ብቻ ነው። ዕድሜው ከ45 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ ኢንፌክሽን ቀይ ሽንት ከሸና የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በአስቸኳይ ይመርመር የሚለው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም ማለት ነው።

ራሱ መጥራቱስ? ፊኛ ውስጥ የሚበቅለው ዕጢ ብዙ ጊዜ ሥሩ ቀጠን ያለ፣ ላዩ አበባ ጎመን የሚመስል ነው። ላዩ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ስስ ናቸው። ፊኛው ሲሞላና ሲጎድል አንዷ ትበጠሳለች። ሽንት ይቀላል። ደሙ ይረጋና ይቆማል። ሽንቱም ይጠራል። ዕጢው ግን የትም አልሄደም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይደማል፤ ያኔም ራሱ ይቆማል። በዚህ መሀል ሰውየው «ያኔም እንዲህ ሆኖ ትቶኛል» እያለ ዓመት ያልፋል። አዳማ ላይ ስሠራ ከማያቸው ሹፌሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ ሲደሙ ነው። ስጠይቃቸው ሁሉም የመጀመሪያውን ቀን በደንብ ያስታውሱታል። የት እንዳደሩ ሁሉ ይነግሩኛል። ያልመጡት ደሙ ስለቆመ ነው።

የቀለሙ መድመቅና መፍዘዝም አያታልልዎ። አንድ ሊትር ሽንት ለማቅላት 1 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይበቃል። ይህ ከሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛው ነው። በጣም የቀላ ሽንት ብዙ ደም ፈሰሰ ማለት አይደለም። ፈዘዝ ያለውም ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሲፕሮው፣ ማለትም ወደ ገዙት አንቲባዮቲክ ልምጣ። ቀኖቹን ልብ ብለው ይቁጠሯቸው። ሽንቱ የጠራው በሦስተኛው ቀን፣ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ሲፕሮውን የጀመሩት አዳማ ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ደሙን ያቆመው ሲፕሮው አይደለም። ማቃጠል አልነበረዎትም፣ ትኩሳት አልነበረዎትም። ኢንፌክሽን ስለመኖሩ አንድም ማስረጃ አልነበረም። ፋርማሲ የሰጠዎትን ሰው ልወቅስ አይደለም። ሰው ተጨንቆ ሲመጣበት ፋርማሲስት አንድ ነገር መስጠት ይፈልጋል። ግን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ሽንቱ ለካልቸር፣ ማለትም ተህዋሲን አብቅሎ ለሚለየው ምርመራ፣ ቢላክ ኖሮ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይቀንስልን ነበር።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቼዋለሁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ይመጡብኝ ነበር። ሽንታቸው ይቀላል። ትንሽ ያቃጥላቸዋል። ሴት ናቸውና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ጻፍኩላቸው። ጠራላቸው፣ መረቁኝ። ከወር በኋላ ተመለሱ። ሌላ ዓይነት ጻፍኩ። ጠራላቸው። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። አንዴም ካልቸር አልላክሁም። ከሕክምናው በኋላም ሽንታቸውን መልሼ አላየሁም። በኋላ ሌላ ሐኪም ፊኛቸውን በካሜራ ሲያይ ዕጢ አገኘ። ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ነበር። ያንን ምርቃት ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ደም ያለበትን ሽንት በኢንፌክሽን ካከምኩ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሽንቱን እንደገና ሳላስመረምር ሰው አልሸኝም። ይህን የምታነቡ እህቶችና እናቶችም አደራ። ደም ያለው «የሽንት ቧንቧ» ደጋግሞ ከመጣ፣ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ከሆነ፣ አራተኛ የመድኃኒት ወረቀት ከመቀበላችሁ በፊት «ፊኛዬ ይታይልኝ» በሉ።

ጓደኞችዎ ስላሉት ሙቀትና ውሃ ጥም ደግሞ እንይ። ግማሽ እውነት አለው። ከመተሐራ ወዲያ ያለውን መንገድ ያውቁታል። ሰው ለሽንት እንዳይቆም ብሎ ውሃ አይጠጣም። ያኔ ሽንት ይጠቁራል። ይህ ግን ጥቁር ቢጫ ነው፤ ቀይ አይደለም። ውሃ ጥም ብቻውን ደም አያሸናም። ውሃ ማነስ የሚያመጣው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ነው ቧንቧውን ጭሮ የሚያደማው። ያ ደግሞ እንዳልኩት አብዛኛውን ጊዜ ያማል።

ቀለሙን እስኪ መለስ ብለው ያስታውሱት። የሥጋ እጣቢ ይመስል ነበር? ወይስ ጥቁር ሻይ ወይም ኮካ ኮላ? የሥጋ እጣቢ የመሰለው፣ በተለይ የረጋ ደም ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊኛ፣ ከፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር የሽንት ቱቦውን የከበበው አካል) ወይም ከሽንት መንገዱ ነው የሚመጣው። ኮካ የመሰለውና የረጋ ደም የሌለው ከኩላሊት ማጣሪያዎች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሽንቱ አረፋ ይይዛል፣ ፊት ወይም እግር ያብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ያኔ የሚያስፈልገው የኩላሊት ሐኪም ነው። ሻይ የመሰለ ሽንት ሆኖ ዓይን ቢጫ ከሆነ ደግሞ ደም ላይሆን ይችላል፤ የጉበት ነገር ነው፣ ሰው የወፍ በሽታ የሚለው። ወባ በጠናበት ሰው ላይም ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰው ሽንቱ ሊጠቁር ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስሄድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ ብርቱካናማ ቀይ ቢሆን አይደንግጥ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ቀይ ሥር በብዛት የበላም እንዲሁ። የእርስዎ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ላብራቶሪው ደም አይቷል።

አንድ ነገርም ይጨምሩልኝ። ቀዩ የመጣው ሲጀምሩ ብቻ ነበር፣ ሲጨርሱ ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ? ሲጀምሩ ብቻ ከሆነ ምንጩ መውጫው ቱቦ አካባቢ ነው። ሲጨርሱ ከሆነ የፊኛው አንገት ወይም ፕሮስቴት ነው። ሙሉውን ቀይ ከሆነ ከፊኛው ውስጥ ወይም ከኩላሊት ነው። ትል የመሰለ ቀጭን የረጋ ደም አይተው ከሆነ ከኩላሊት በቀጭኑ ቱቦ የወረደ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ይንገሩት። ብዙ ሰው አፍሮ አይናገርም። እኛ ግን ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ እንረዳለን።

የእርስዎን መስመር ለሚነዳ ሰው የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። አዋሽ ውስጥ ታጥበው ያውቃሉ? ገዋኔ አካባቢ፣ ወይም ከዚያ በታች ባሉት ረግረጎችና የመስኖ ቦዮች? ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ አገራችን ላይ ሁለት ዓይነት አለው። በወንጂ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ በኩል የሚታወቀው አንጀትን የሚይዘው ነው። እሱ ሽንትን አያቀላም። ከመካከለኛው አዋሽ እስከ ታችኛው፣ በአፋር ምድር ያለው ግን ፊኛን የሚይዘው ዓይነት ነው። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። እንቁላሉን ፊኛ ግድግዳ ላይ ይጥላል። ደሙም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሽንት ሲያልቅ ነው። ይህን ትል ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ አገኘው። ስሙም ከእሱ የወጣ ነው። ሰው ከውሃው ከራቀ ከዓመታት በኋላም ሊደማ ይችላል።

ስለዚህ ላብራቶሪ ሲሄዱ «አፋር እመላለሳለሁ፣ የቢልሃርዚያ እንቁላል ይታይልኝ» ይበሉ። የጠዋት ሽንት አይስጡ። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ። የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ጭምር በዕቃው ይያዙ። ከተገኘ ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተለክቶ አንዴ የሚዋጥ ክኒን። ግን እሱ ተገኘ ተብሎ ካሜራው አይቅር። ለረጅም ዓመት የቆየ ቢልሃርዚያ ራሱ የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ሲጋራው በግልጽ ልናገር። ማቆምዎ ትልቅ ነገር ነው። በርቱ። ሆኖም ሰው ሲጋራን ከሳንባ ጋር ብቻ ነው የሚያያይዘው። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። ከጭሱ ወደ ደም የገባውን መርዝ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ወደ ፊኛ ይጥለዋል። ፊኛ ደግሞ ሽንቱን ለሰዓታት ይይዘዋል። ግድግዳው በዚያ መርዝ ሲታጠብ ይውላል። ሹፌር ሽንት ስለሚይዝ ደግሞ… ይህን ራስዎ ያውቁታል። ካቆሙ በኋላ አደጋው ይቀንሳል፤ ግን በአራት ዓመት ውስጥ እንዳላጨሰ ሰው አይሆንም። ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲልዎት «አላጨስም» ብለው ብቻ አይለፉት። 25 ዓመቱን ይንገሩት። ቀለም ቀቢዎች፣ የጎማና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞችም እንዲሁ ሥራቸውን ይናገሩ። ሞጆ ቅርባችን ነው፤ ቆዳ ላይ የሠራ ሰው በየቤቱ አለ። በእነዚህ ሥራዎች የሚያገኟቸው አንዳንድ ኬሚካሎች ፊኛ ላይ ተመሳሳይ አደጋ አላቸው።

ጫቱ ሽንትን ያዘገያል፣ ሽንቱ የሚወጣበትን ኃይልም ይቀንሳል። በዚህ ዕድሜ ፕሮስቴት ማበጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ያደርገዋል። ያበጠ ፕሮስቴትም ላዩ ያሉት ሥሮች ተበጥሰው ሊደማ ይችላል። የእርስዎ ደም ከዚያ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱና ሽንቱ ለመጀመር ይዘገይ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

«አልትራሳውንዱ ደህና ነው» የተባለውን አልናቅሁትም። ኩላሊትን በደንብ ያሳያል። ትልልቅ ጠጠር ያሳያል። ተለቅ ያለ የፊኛ ዕጢም ያሳያል። ትንሹንና ጠፍጣፋውን ግን ያመልጠዋል። ደግሞስ ሲታዩ ሽንትዎ ሞልቶ ነበር? ባዶ ፊኛ እንደ ተኮማተረ ስልቻ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል? ብዙ ሰው ሽንቱን ሸንቶ ነው አልጋው ላይ የሚወጣው። ሞልቶም ቢሆን የካሜራን ያህል የሚያሳይ የለም።

ወንዶች ሲስቶስኮፒ ሲባል ፊታቸው ይለወጣል። ይገባኛል። «በየት በኩል?» ይሉኛል ቀስ ብለው። አዎ፣ በሽንት መውጫው ነው የሚገባው። ተጣጣፊው ቀጭን ካሜራ ከሆነ የሚያደነዝዝ ጄል ይጨመርና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ማየቱ ራሱ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ነው። ጠንከር ያለው ዓይነት ከሆነ ከወገብ በታች ሊያደነዝዙዎት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ያቃጥላል፤ ሽንቱም ትንሽ ሊቀላ ይችላል። ወንድነትን አይነካም። ይህን ሳልጠየቅ የምናገረው ሳይጠይቁ የሚቀሩ ስላሉ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን፣ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። «ደም ማቅጠኛ ስለምወስድ ነው የደማሁት» ብሎ ምርመራውን የሚተው ሰውም አጋጥሞኛል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምንም ተነስቶ ደም አያመጣም። የተደበቀውን ነው የሚያወጣው።

ካሜራው በየሆስፒታሉ የለም። መጀመሪያ አዳማ ላይ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሪፈር ያጽፉ። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ የዩሮሎጂ ክፍል አላቸው። ወረፋ ሊኖር ይችላል። ሪፈሩ ላይ «በዓይን የታየ፣ ሕመም የሌለው ደም፣ 54 ዓመት፣ አጫሽ የነበረ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍልዎት። እነዚህ ቃላት ወረፋ ሊያፈጥኑ ይችላሉ። የኩላሊት ጤናን የሚያሳየው የክሬያቲኒን ምርመራ አዳማ ይሠራል፤ ይዘው ይሂዱ። ለኩላሊትና ለቱቦዎቹ በመድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ስካን ሊያዙልዎት ይችላሉ፤ ክሬያቲኒኑን ለዚያም ይፈልጉታል። ገንዘብ ካጠረዎት አይሸሽጉ። ለእርስዎ የቱ ይቅደም ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። እኔ ብሆን ካሜራውን አስቀድማለሁ።

ባለቤትዎ የፈሩት ነገር ቢገኝስ? ፊኛ ካንሰር ከሚገኝባቸው ሰዎች ከ4ቱ 3 ያህሉ ላይ ሲገኝ ገና ወደ ጡንቻው አልገባም። በዚያ ደረጃ ሆድ ሳይቀደድ፣ በዚያው በሽንት መንገድ ተገብቶ ዕጢው ይላጣል። ከዚያ እንደ ዓይነቱ መድኃኒት ፊኛ ውስጥ ይጨመራል። አንዱ መድኃኒት ሕፃናት የሚከተቡት ቢ ሲ ጂ ነው፤ ለፊኛ መዋሉ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህ ዕጢ የመመለስ ባሕርይ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ በካሜራ መታየት ያስፈልጋል። ሥራ ይሠራሉ፣ መኪናም ይነዳሉ። ጡንቻው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ፊኛውን ራሱን ማውጣት ይመጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የጥቂት ወራት መዘግየት ነው።

ምንም ካልተገኘም ምርመራው በከንቱ አይደለም። የደም ግፊትዎን ይለኩ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ይዩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሽንትዎን ያስመርምሩ። እንደገና በዓይን የሚታይ ደም ከመጣ ግን «ባለፈው ታይቼ ነበር» ብለው አይቅሩ።

ለወላጆች በአጭሩ አንድ ነገር ልበል። ጉሮሮው የታመመ ወይም ቆዳው ቆስሎ የዳነ ልጅ ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ኮካ የመሰለ ሽንት ከሸና፣ ጠዋት ፊቱ ካበጠ፣ ያው ዕለት ይታይ። አብዛኞቹ ልጆች ደህና ይሆናሉ። የሚያስፈራው የደም ግፊቱ ነው፤ መለካት አለበት።

ቢራ ጠጠር ያወርዳል የሚባለው ደግሞ ሹፌሮች መካከል የተለመደ ነው። ቢራ ለጊዜው ያሸናል፣ ኋላ ያደርቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ቢራ ሳያስፈልገው ራሱ ይወርዳል። ለጠጠርም ሆነ ለፊኛ የሚጠቅመው ውሃ ነው። በቀን ከ2 ሊትር ያላነሰ ሽንት እንዲወጣዎ የሚበቃ መሆን አለበት፤ በአፋር ሙቀት ይህ ብዙ ውሃ ነው። ሽንትዎ ነጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ይጠጡ። ጨው ይቀንሱ። መቆሚያ ሲገኝ ደግሞ ይሽኑ፤ «የሚቀጥለው ከተማ ላይ» አይበሉ።

የሐሙሱን ጉዞ በተመለከተ፣ አሁን ሽንትዎ ጠርቶ ከሆነና ሳይቸግርዎ የሚሸኑ ከሆነ መንዳቱ በሽታውን አያባብሰውም። ግን ከሐሙስ በፊት ሁለት ነገር ጨርሰው ይውጡ። የእኩለ ቀን ሽንቱንና የክሬያቲኒኑን ደም ይስጡ። ሪፈሩን ያጽፉና ቀጠሮ ያስይዙ። ቀጠሮውን ባለቤትዎ እጅ ያስቀምጡት። ከቻሉም አብረዎት ይሂዱ። ሐኪም ፊት የተባለውን ግማሹን ሰው ይረሳዋል፤ እሳቸው ያስታውሱታል።

መንገድ ላይ ደግሞ ከቀላ በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና ቀኑን ይጻፉ። ውሃ ይጨምሩ፤ ደሙ እንዳይረጋ ይረዳል። የረጋ ደም ወጥቶ ሽንቱ እምቢ ካለ ግን፣ ሆድዎ ከእምብርት በታች ከተወጠረና ጠብ ካላለ፣ ውሃውን ያቁሙ። ጨምረው ቢጠጡ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ መንገዱን አይከፍተውም። «አዳማ ልድረስ» አይበሉ። መኪናውን ለረዳትዎ አደራ ሰጥተው በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሎጊያ ከሆኑ ዱብቲ ቅርብዎ ነው። ካቴተር፣ ማለትም በሽንት መውጫው የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ አስገብተው የረጋውን ደም ያጥቡታል። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመ፣ ያኔም እንደዚሁ። የካሜራው ውጤት ሲመጣ ይጻፉልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያልገባዎት ቃል ካለ አብረን እናነበዋለን።